የአዲሱ ሕንፃ ኩሽና፦ ምጣዱን የሚሸከም ሽቦ ማን ይዘርጋ?

በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርም ሆነ በአባይ ማዶ ፎቅ የሚያቆም ባለሀብት አስቀድሞ የሚያሰላው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ነው። የኩሽናው ጉዳይ የሚነሳው ሕንፃው አልቆ ተከራይ ሲገባ ነው። ምጣድ ሲሰካ ቆጣሪው ይጥላል፤ ከሰሉና ቡታጋዙ ወደ በረንዳ ይወጣሉ። ለመሆኑ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ በምን ኃይል እንደሚበሰልበት አብሮ ሊወሰን ይገባልን?

ጥያቄው በሌላው ዓለም የከረረ ክርክር አስነስቷል። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ አዳዲስ ቤቶች ከጋዝ መስመር እንዳይገናኙ ደንግጋለች። በአሜሪካ የበርክሊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 ተመሳሳይ ደንብ ብታወጣም፣ የምግብ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ከሷት በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት ደንቡ ከፌዴራል የኢነርጂ ሕግ ጋር ይጋጫል ሲል ወስኖባታል። በአንጻሩ ኒውዮርክ በ2021 ያወጣችው ሕግ ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

የእኛው ጉዳይ ግን ይለያል። ወደ ኩሽና የሚገባ የጋዝ ቧንቧ የለንም፤ ጋዛችን በሲሊንደር የሚመጣው ቡታጋዝ ነው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ሲመረቅ “ቡታጋዝ ሊረክስ ነው” ብሎ የጠበቀ ነጋዴ ካለ ሒሳቡን ቢያስተካክል ይበጀዋል። የካሉቡ ሚቴን ሲሆን፣ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ ነው፤ በቤት ሲሊንደር አይሞላም። ቡታጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይገባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ይህ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደሚከብድ ለነጋዴ አይነገረውም።

ስለዚህ ምርጫው ወደ ኤሌክትሪክ ያደላል። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ከተሠራው የጢስ አባይ ማመንጫ ጎረቤት ናት። ከጣና በዋሻ በሚወርድ ውኃ የሚሠራው 460 ሜጋ ዋቱ የበለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል። ይሁንና የአባይ ውኃ ኃይል ቢሰጥም ኃይሉ ከምጣዱ የሚደርሰው በትራንስፎርመርና በሽቦ ነው።

ቀላል ስሌት እንውሰድ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። በዚያ ላይ 2 ኪሎ ዋት ምድጃ ሲጨመር 24 አባወራ ያለበት ሕንፃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢያበስል 132 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ባለ 100 ኬ.ቪ.ኤ. ትራንስፎርመር ይህን አይችልም። እርግጥ ነው፣ በአዘቦት ቀን ሁሉም በአንድ ሰዓት አይጋግርም። የበዓል ዋዜማ ግን ሌላ ነው።

አልሚው “ወፍራም ሽቦና ለብቻው የተዘረጋ የምጣድ መስመር ወጪ ይጨምርብኛል፤ መብራት ሲጠፋስ ተከራዬ በምን ያበስላል?” ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ግድግዳ ከተለሰነ በኋላ ቦይ ፈልፍሎ ሽቦ መቀየር ከመጀመሪያው ከመዘርጋት ይበልጥ ያስወጣል። ያንንም የሚከፍለው ገዢው ወይም ተከራዩ ነው። መክፈል ያቃተው ደግሞ ወደ ከሰል ይመለሳል፤ በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ገበያም የሚደራው ለዚህ ነው።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ፕላን መርምሮ ፈቃድ የመስጠቱን ሥራ በከተማው የሕንፃ ሹም ላይ ጥሏል። ስለዚህ ጋዝ የሚከለክል ደንብ ከመቅዳት ይልቅ ከፈቃዱ ጋር ሁለት ነገር መጠየቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው የተዘረጋ የምጣድ መስመርና ጭነቱን የሚችል ትራንስፎርመር። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ለሚያገለግለው ሲሊንደር አየር የሚያገኝ የውጭ ማስቀመጫ። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳልና ቢያፈተልክ ወደ ምድር ቤት ወርዶ ይጠራቀማል፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ገበያው ራሱ ሊጠይቅ ይችላል። ደላላ ቤት ሲያሳይ የሐይቁን ዕይታ ያስቀድማል። ብልህ ገዢ ግን አስቀድሞ የቆጣሪውን አቅም፣ የምጣዱን መስመርና የሲሊንደሩን ቦታ ይጠይቅ። ያኔ አልሚው ሽቦውን ደንብ ሳያስገድደው ይዘረጋዋል።