የወፍጮ ሞተር በጎመን ዘር ዘይት ይሠራልን?



በአሰላ ዙሪያ፣ በአርሲ ደጋ፣ ጎመን ዘር ይበቅላል። መብራት ያልደረሰው የገጠር ወፍጮ ግን ከወደብ በቦቴ ተጭኖ በሚመጣ ናፍጣ ይሠራል። ታዲያ ሞተሩ ከደጃፉ የሚበቅለውን ለምን አይጠጣም? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመሠረቱ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቷል። የእኛም ጎመን ዘር አልታጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ ከዘይቱ በተሠራ ነዳጅ ብቻ አውሮፕላን በርሯል።

ችግሩ ውፍረቱ ነው። የምግብ ዘይት ከናፍጣ 10 እጥፍ ያህል ይወፍራል። ስለዚህ በሞተሩ ውስጥ በደንብ አይረጭም፤ ሳይቃጠል የቀረውም በፒስተኑ ፋሻዎች ላይ ይጋገራል። የደጋው ብርድ ደግሞ ያብሰዋል፤ የፓልም ዘይት በማለዳ እንዴት እንደሚረጋ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። የተልባ ዘይትማ አየር ሲያገኘው እንደ ቀለም ይደርቃል። ሞተሩ ከተበላሸ እናቶች እህሉን ተሸክመው ሩቅ ይሄዳሉ፤ አለዚያም ወደ ድንጋዩ ወፍጮ ይመለሳሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሞተሩን በናፍጣ አስነሥቶ ካሞቁ በኋላ በሙቀት የቀጠነ ዘይት መስጠት፣ ከማጥፋት በፊትም ወደ ናፍጣ መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ ዘይቱን ወደ ባዮዲዝል መለወጥ ነው። ለ100 ሊትር ንጹሕ ዘይት 20 ሊትር ሜታኖል የሚባል አልኮልና 350 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ይገባል። በ55 ዲግሪ ሙቀት ሲማሰል ግሊሰሪኑ ይዘቅጣል፤ ከላይ የቀረው ታጥቦና ውኃው ወጥቶለት ለሞተር ይሆናል። ነገር ግን ሜታኖል ዓይን የሚያሳውርና የሚገድል መርዝ ነው፤ ተኑም በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ስለ ሆነም በማድ ቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። ከአንድ ኩንታል ጎመን ዘር በትንሽ መጭመቂያ 30 ሊትር ያህል ዘይት ይወጣል። በሰዓት 4 ሊትር የሚወስድ ሞተር ይህን በአንድ የሥራ ቀን ይጨርሰዋል። አገራችን የምትበላውን ዘይት አብዛኛውን ከውጭ እየገዛች ሳለ፣ በየቀኑ አንድ ኩንታል ለሞተር ማቃጠል ከድስት መቀማት ነው።

ለሞተር የሚገባው ከሆቴሎችና ከጥብስ ቤቶች የሚጣለው ዘይት ነው። እርሱም ስለሚኮመጥጥ ተጨማሪ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ፓልም ከሆነም በብርድ እንዳይረጋ ከናፍጣ ጋር መቀላቀል አለበት።

ለገጠሩ ወፍጮ ግን ከዚህ የሚሻል ምክር አለ። በዚያው ሞተር የዘይት መጭመቂያ ይገጠምለት። ዘይቱ ለምግብ፣ ፋጉሎው ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ለከብት ይሆናል። የምግብ ዘይት ከናፍጣ ይልቅ ውድ እስከ ሆነ ድረስ፣ ገበሬው አንዱን ሊትር ሸጦ ከአንድ ሊትር በላይ ናፍጣ ሊገዛ ይችላል።