መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ እያለ ስልካችን ለምን «የለም» ይለናል?

ነቀምቴ ውስጥ አንዱ መጽሐፍ መደብር ገብታችሁ «የሀዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ አለ?» ብትሉ ሻጩ «በየትኛው ሀ?» ብሎ አይጠይቃችሁም። ዞር ብሎ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወጣላችኋል፤ ከሌለው ደግሞ ማን ጋ እንደሚገኝ ይጠቁማችኋል። ያንኑ ስም ስልክ ላይ ስትጽፉ ግን «ምንም አልተገኘም» ሊላችሁ ይችላል። ድረ ገጽ ለሚሠሩ ሰዎች ይሄ የየዕለት ራስ ምታት ነው። ምክንያቱን በቀላሉ እናስረዳችሁ።

ኮምፒውተር ጆሮ የለውም

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ የግዕዝ ፊደል እዚህ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን የለ እና የመ ያህል ይለያያሉ።

«ፀሐይ» የምትለዋን ቃል ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። 2 በ6 ሲባዛ 12 አጻጻፍ ማለት ነው! የመደብሩ ድረ ገጽ አንዱን ብቻ መዝግቦ ከሆነ በቀሩት 11 የፈለገ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ወለጋ ላይ ነገሩ ይብሳል

የከተማዋ ስም ራሱ ነቀምቴም ነቀምትም ተብሎ ይጻፋል፤ በድሮ ጽሑፎች ለቀምትም ይባላል። በላቲን ሲሆን ደግሞ የቁቤው አጻጻፍ በኪው፣ የተለመደው የእንግሊዝኛው በኬ ነው።

መጻሕፍቱም እንደዚያው ናቸው። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው ነቀምቴ ላይ አስተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፉትም እዚያው ነው። ቁቤ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ እንዲሆን የተወሰነው ግን በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በአንድ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት በሁለት ፊደል መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ኦነሲሞስ አባ ገመቺስ ተብለውም ስለሚታወቁ አንዱ በአንዱ ስም፣ ሌላው በሌላው ይፈልጋቸዋል። በዚያ ላይ ቁቤ ድምፁ ሲረዝም ወይም ሲጠብቅ ፊደሉን ይደግማል፤ ስልክ ላይ በችኮላ ስንጽፍ ደግሞ አንዷን እንዘላለን። ለኮምፒውተሩ በቃ ሌላ ቃል ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይጎዳል?

ጊምቢ ያለ አንድ ተማሪ አስቡ። ነቀምቴ ለመድረስ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በፀጥታ ችግር ምክንያት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት በኖረበት አካባቢ «ሄጄ ልየው» ማለት ቀላል አይደለም። ስልኩ «የለም» ካለው ወይ ይተወዋል፣ ወይ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ይፈልጋል። ደራሲው ሳይከፈለው ይቀራል፤ ሻጩም መጽሐፉን ታቅፎ ይቀመጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ፈቃድ ማባዛትን ይከለክላል፤ ሆኖም ሕግ ብቻውን ገዢውን ከመጽሐፉ ጋር አያገናኘውም።

መፍትሔው ውድ አይደለም

1. ድረ ገጽ ለምትሠሩ፦ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ ወደ አ እንዲቀየሩ አድርጉ፤ ሃ እና ኣን የመሳሰሉትንም አትርሱ። ይህን ዝርዝሩም ላይ፣ ሰው የሚጽፈው ቃልም ላይ ነው የምታደርጉት። ገዢው የሚያየው ርዕስ ግን ደራሲው እንደጻፈው ይቆያል። የደራሲውን ሌላ ስምና የቁቤውን አጻጻፍም አብራችሁ መዝግቡ።

2. ለመደብሮች፦ ቴሌግራም ላይ የሽፋን ፎቶ ብቻ መለጠፍ አይበቃም። ፍለጋው ፎቶው ላይ ያለውን ጽሑፍ አያነብም። ከሥሩ ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ ዋጋውንና ስልካችሁን በጽሑፍ አስቀምጡ። መጽሐፉ አይኤስቢኤን ካለው እሱንም ጨምሩበት፤ 978-99944 ብለው የሚጀምሩት ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰጡ ናቸው። ቁጥር ደግሞ የሀ እና የሐ ጣጣ የለበትም።

3. ለሁሉም፦ ኢንተርኔት ሲጠፋም አስቡ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ድረ ገጽ ላይ ብቻ ያለ ዝርዝር እንዲህ ባለ ቀን አይገኝም። ስለዚህ ዝርዝሩ ስልክ ላይም፣ ደብተር ላይም ይኑር።

4. ለአንባቢዎች፦ «አልተገኘም» ሲላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ፊደሉን ቀይራችሁ ሞክሩ። ካልሆነ በደራሲው ስም ፈልጉ። እሱም ካልሆነ ደውሉ።

ሻጩ በዓመታት ልምድ ጭንቅላቱ ውስጥ የያዘውን ነገር ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሰው ቁጭ ብሎ ካስተማረው ብቻ ነው። እስከዚያው ድረስ የወለጋ ምርጡ የመጽሐፍ መፈለጊያ ባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰውዬ ነው።

የምታውቁት መጽሐፍ ሻጭ ካለ ሼር አድርጉለት።