ስለ ቡገንቪላና ስለ ቆላው ፍልፈል

በድሬዳዋ ከተማ በከዚራ ሰፈር የሚኖሩ አንድ አባወራ በቅርቡ ጥያቄ አቀረቡልን። የቤታቸውን አጥር የሸፈነውን ቡገንቪላ ባዩ ቍጥር ፈጣሪያቸውን እንደሚያመሰግኑ፣ ከከተማ ውጭ ባለው ማሳቸው አፈር እየቈለለ ስኳር ድንቹን የሚቦረቡረውን ፍልፈል ግን በመርዝ ሊያጠፉት እንደ ቈረጡ ነገሩንና፣ «ይህስ ለምን ተፈጠረ?» አሉን።

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን ዕፅዋት በዕለተ ሠሉስ፣ የምድር አራዊት በዕለተ ዓርብ ተገኙ። ስለዚህ በልደት ሐረጉ ይቀድማል፤ ለድሬዳዋ ግን እንግዳው እርሱ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ስሙን ያገኘው ቡገንቪል ከተባለ የፈረንሳይ የባሕር መኰንን ነው። ከተማዪቱም የተቈረቈረችው የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ነው። ፍልፈሉ ግን ከሐዲዱ አስቀድሞ የምሥራቁ ቆላ ባለርስት ነበረ።

ደግሞ በቡገንቪላው ላይ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ የሚያምረው አበባው አይደለም፤ ቅጠል ነው። እኛም ራሳችን ብዙ ዘመን አበባ ይመስለን ነበር። እውነተኛዪቱ አበባ በመካከሉ የተሸሸገችው ነጣ ያለች ትንሽ ናት።

ፍልፈሉ ግን የሚያሳየው ጌጥ የለውም። ጠጉር የለውም ማለት ይቻላል፤ ዓይኑም ደካማ ነው። የሚቈፍርባቸው ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ ስለ ሆኑ አፈር ወደ አፉ አይገባም። በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሆነው ሲኖሩ እንደ ንብ የምትወልደው አንዲቱ ብቻ ናት፤ የቀሩት ይቈፍራሉ፣ ይጠብቃሉ፣ የእርስዋን ልጆች ያሳድጋሉ። በምድረ በዳ ትልቅ ሥር ባገኙ ጊዜ ውስጡን ጥቂት በጥቂት በልተው ልጡን ይተዉታልና ሥሩ መልሶ ያድጋል። ዕድሜውም የሚያስደንቅ ነው፤ የቤት አይጥ ጥቂት ዓመት ብቻ ሲኖር ይህ ከ30 ዓመት በላይ ይቈያል። ነቀርሳም እምብዛም ስለማይይዘው የሕክምና ሊቃውንት ይመረምሩታል።

አባወራው ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ፤ «ድንቼስ?» አሉን። ልጆቻቸው የሚበሉት ከዚያ ነውና ማሳቸውን አይጠብቁ አላልንም። መርዙ ግን የሞተውን ለሚያነሣው አሞራና ለጎረቤት ውሻም እንደሚተርፍ አስታወስናቸው። በመጨረሻም ድንቹን ወደ ቤታቸው አቅራቢያ ሊያዛውሩ፣ ዳር ያለውን ጭንጫ መሬት ለፍልፈሉ ሊተዉለት ተስማሙ። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦታውን አብረን ልናይ ተቃጥረናል።