ትልና ሰው በአንድ ሥርዓት

በአውሮፓ ባሕር ዳርቻ ፕላቲኔሬይስ የምትባል፥ ከጣት የማትረዝም ትል ትኖራለች። ሲያዩአት የዓሣ ቀለብ ብቻ ትመስላለች፤ ነገር ግን የሰውነቷ ሥርዓት ከእኛው ጋር ይዛመዳል።

እያንዳንዱ ሕዋስ የመላውን አካል ትእዛዞች፥ ማለት ጂኖችን፥ ተሸክሟል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢፈጸሙ ጡንቻ ከነርቭ ባልተለየ ነበር። ከሥርዓቱ ጠባቂዎች መካከል 22 ፊደል ያህል ብቻ ያላቸው ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ይገኛሉ፤ የማያስፈልገውን መልእክት ይዘው ያስቀራሉ።

በሃይደልበርግ የሚሠሩ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. እንደ ገለጹት፥ በትሏ ጡንቻና ነርቭ የሚሠሩት ጠባቂዎች አከርካሪ ባላቸው እንስሳትም በዚያው ስፍራ ይሠራሉ። በትሏም በሰውም የሚገኘው ሌት-7 ደግሞ በአንዳንድ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ዘንድ ጎድሎ ታይቷል።

እንግዲህ ትሏን የሚመረምር ሊቅ የሰውንም ደዌ ይመረምራል።