ከመተማ መልስ የሚመጣ ትኩሳት



ክረምት ሲገባ በሰቆጣ መናኸሪያ ሱብሒን ሰግደው በቀጥታ የሚመጡ ወጣቶች ይበዛሉ። ጓዛቸው ቀላል ነው፤ አንድ ጋቢና አንድ የማዳበሪያ ከረጢት፣ በውስጡም በሶና ቆሎ። የሚወርዱት ወደ መተማና ቋራ ቆላ ሰሊጥ ለማረም ነው። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ለአጨዳ የሚሄዱ አሉ። ከእነዚህ መካከል መተማ ዮሐንስ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ገላባት የሚገቡ፣ ከዚያም በሌላ አውቶቡስ ወደ ገዳሪፍ፣ አንዳንዶቹም እስከ ካርቱም የሚዘልቁ ነበሩ። ከካይሮ ተነሥተው ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው አፍሪካን የሚያቋርጡ ፈረንጆችም ወደ ጎንደር የሚገቡት በዚሁ በር ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን ከዚያ ወደዚህ የሚሸሸው ሰው በዛ። በእኛም በኩል መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለና ከመነሣት በፊት ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

እኔ በመድኃኒት ቤት ሥራዬ የማገኘው በአብዛኛው ተመላሹን ነው። አንድ ኅዳር ወር አንዲት እናት የራስ ምታት ክኒን ሊገዙ መጡ።

«ለማን ነው እናቴ?»

«ለልጄ። ምች መትቶት ዳማ ከሴ አጠጣነው፤ አልተወውም። ሐኪምም አይቶት ብርድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶት ነበር።»

«ልጅዎ በቅርቡ የት ነበር?»

«ከሱዳን ጠረፍ ከመጣ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው።»

«ይህን ለሐኪሙ ነግረውታል?»

«ማን ጠየቀን ልጄ!»

ክኒኑን አልሸጥኩላቸውም። ልጁ በዚያው ቀን ደሙ ሲመረመር ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ተገኘበት። አልሐምዱ ሊላህ ዳነ። ነገር ግን አምስት ቀን በከንቱ አልፎ ነበር። በዚህ በሽታ አምስት ቀን ረጅም ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንኟ ስትነክስ ወደ ሰውነት የገባው የወባ ተውሳክ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። እዚያ ተደብቆ ይራባል። ወደ ደም ወጥቶ ትኩሳት እስኪያስነሣ ድረስ ቢያንስ 7 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜም እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ከመተማ ሰቆጣ ያለው የአውቶቡስ ጉዞ ግን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ሌሊት የተነከሰ ሰው በሙሉ ጤንነት ቤቱ ይገባል፣ እንኳን ደህና መጣህ ይባላል፣ ጁሙዓውን ሰግዶ ሥራውን ይጀምራል። ትኩሳቱ ሲነሣ ጉዞው ተረስቷል። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ለወራት ተኝቶ እንደገና ይነሣል።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋማ ከተማ ናት፤ መተማ ግን ወደ 700 ሜትር ዝቅ ያለ ነው። በተከዜ ሸለቆ ዙሪያ ያሉት የዝቋላ፣ የአበርገሌና የሰሃላ ሰዎች ወባን ያውቋታል፤ ትኩሳት ሲይዛቸውም ቶሎ ይጠረጥሯታል። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ሰውነቱም አልለመዳትም፣ ቤተሰቡም አይጠረጥራትም። ደጋ ላይ ትኩሳት ሲባል የሚታሰበው ብርድ፣ ምች ወይም ታይፎይድ ነው። ወባም ቢሆን በአገራችን እየቀነሰች ነው ሲባል ቆይቶ ተመልሳ በርትታለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን በአገሪቱ ተመዝግበዋል።

ስለ ራሱ ጉዞውም ጥቂት ልበል። አውቶቡሱ ከሰቆጣ በላሊበላ አድርጎ ጋሸና ሲደርስ ከፍታው 3000 ሜትር ግድም ይሆናል። በጉና ተራራ ግርጌ በደብረ ታቦር ወደ ወረታ ይወርዳል፤ ከጎንደር በኋላም አይከልን አልፎ ወደ ሙቀቱ ይገባል። በሁለት ቀን ውስጥ ከጋቢ ወደ ላብ መሻገር ማለት ነው። እኛ ደግሞ ንፋስ ይመታናል ብለን መስኮት አናስከፍትም! ስድሳ ሰው በታፈነ አየር ውስጥ ሲተነፍስ ሳሉም ማቅለሽለሹም የጋራ ይሆናል። ሎሚ ማሽተት ለአንዳንዱ ይረዳል፣ አልቃወምም። የማቅለሽለሽ ክኒን የሚወሰደው ግን ከመነሣት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት በፊት እንጂ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ አይደለም። ፕሮሜታዚን የተባለውን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ልጁ ዝም ብሎ እንዲተኛልኝ ብለው የሚጠይቁኝ እናቶች ስላሉ ነው ይህን የምጽፈው።

እኅቶች ደግሞ መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣባቸው ከዋዜማው ጀምረው ውኃ አይጠጡም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ውጤቱ ራስ ምታት፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ እግር አጥፎ ከመዋል ጋር ሲደመር ደግሞ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት ነው። በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ይጠንቀቁ። ለዙህርና ለዓስር ሶላት ሹፌሩን አስቁሙ። ሁለቱን በአንድ ወቅት ማጣመር ለመንገደኛ የተፈቀደ ስለሆነ አንድ መቆሚያ ይበቃል። ያን ጊዜ ውኃ ጠጡ፣ ተራመዱ፣ ተጸዳዱ። የሙስሊም ሥጋ ቤት በማይገኝበት መንገድ ላይ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ይዞ መሄድ ለሆድም ለልብም ዕረፍት ነው። በሶ ጥሩ ስንቅ ነው፤ ችግሩ የሚበጠበጥበት ውኃ ነው። ተቅማጥ ከያዘ አንድ ከረጢት ለምለም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፤ እሱ ከጠፋ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ከጓዙ ጋር አውቶቡስ ጣራ ላይ አይጫነው፤ ፀሐዩ ያበላሸዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በእጁ ይያዘው።

ድንበር ለሚሻገር የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ይወሰዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህም አንድ ጊዜ የተወሰደው ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስሙ ቢመሳሰልም ይህ ክትባት ተራውን ወባ አይከላከልም። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

ከወረታ ወደ ጎንደር ሲሄዱ አውቶቡሱ አዲስ ዘመን ላይ ያልፋል። ይህች ከተማ የሊቦ ከምከም ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአካባቢው ካላዛር እምብዛም የሚታወቅ በሽታ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሰዎች ትኩሳቱ አልለቅ እያላቸው፣ እየመነመኑ፣ ሆዳቸው በጣፊያ እያበጠ ይሞቱ ጀመር። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ አይሻላቸውም። መድኃኒቱን የለመደ ወባ ነው ተባለ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም ነው። በሽታው ወደ ደጋው የገባው ከሁመራና ከመተማ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች እንደሆነ ይታመናል።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ እጅግ ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም። በተሰነጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ከመሸ በኋላ ትነክሳለች። ሠራተኛው የሚተኛው ደግሞ እዚያው ግራር ሥር፣ መሬት ላይ ነው። ከንክሻው በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ክሳትና በግራ በኩል የሆድ ማበጥ ካለ «ባለፈው ክረምት ቆላ ነበርኩ» ማለት አስፈላጊ ነው። ከጣት በሚወሰድ ደም ፈጣን ምርመራ አለ፤ 17 ቀን የሚወሰድ የመርፌ ሕክምናም አለ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ የተቋቋመ የሕክምና ማዕከል ይገኛል። ካልታከመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

ስለ ኮአርተምም ልንገራችሁ። ለአዋቂ ሙሉው 24 ፍሬ ነው፤ አራት አራት እየተደረገ ስድስት ጊዜ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ለሁለት ቀን ጧትና ማታ። በወተት ወይም ቅባት ባለው ምግብ ሲወሰድ በደንብ ይሠራል። በጠረፍ ገበያ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጠው ገዝተው አንዱን መጠን ለሦስት የሚካፈሉ ወንድሞች አሉ። ፍቅራቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ሦስቱም ግን አይድኑም። በረመዷን የታመመም ፆሜን አልፈታም ብሎ ክኒኑን አያዛባ፤ በሱረቱል በቀራ የተሰጠው ፈቃድ ለበሽተኛም ለመንገደኛም ነው፣ ቀኑ በኋላ ይከፈላል። ትኩሳት ያለበት ሰው መቀመጥ ካቃተው፣ ከቃዠ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ ግን ወደ መድኃኒት ቤት አታምጡት፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

እኒያ እናት በቀጣዩ ሐምሌ ተመልሰው መጡ። ታናሹ ልጅ ከወንድሙ ጋር ሊወርድ ነው። «ቀዳዳው የጠበበ አጎበር አለሽ?» አሉኝ። እኛ ጋ አልነበረም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው።