ናፍታ የሚረጋበት ብርድ

በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ መሥሪያ ቤት ስንገሠግሥ፣ ካፖርታችንን እስከ ጆሯችን ስበን «ዘንድሮስ ብርዱ ገደለን!» ማለት ልማዳችን ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ላይ የሚቆም የዋህ ብርድ ነው። አንባቢዎቻችን ዛሬ ከእኛ ጋራ በአሳብ ባሕር ተሻግረው፣ ናፍታ እንደ ቅቤ የሚረጋበትን ብርድና በዚያ ብርድ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዳውን ሰው እንዲያስቡልን እንለምናለን።

በአሜሪካ በአላስካ ግዛት ዳልተን የሚባል አውራ ጎዳና አለ። ርዝመቱ 666 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በ1974 (እ.ኤ.አ.) በ154 ቀን ውስጥ የተሠራው ለታላቁ የነዳጅ ዘይት ቧንቧ ሥራ ዕቃ ለማመላለስ ነበር። ኮልድፉት ከምትባለው መንደር እስከ ዴድሆርስ ድረስ ባለው 386 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አንድ ነዳጅ ማደያ እንኳ አይገኝም። በመካከሉ ያለው አቲጉን የተባለው የተራራ በር 1,444 ሜትር ከፍታ አለው። ይህ ከጣርማ በር ከፍታ እኩሌታውን ባይሞላም፣ በረዶውና ቁልቁለቱ የሾፌርን ልብ ይፈትናል። ከዚሁ መንገድ አጠገብ ባለው ፕሮስፔክት ክሪክ በተባለው ስፍራ በጥር ወር 1971 (እ.ኤ.አ.) ከዜሮ በታች 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል።

እንዲህ ያለው ብርድ መኪናን በምን ይጥለዋል? ያልን እንደ ሆነ፣ መጀመሪያ የሚያጠቃው ናፍታውን ነው። በናፍታ ውስጥ ከሻማ ሰም ጋራ የሚዛመድ ነገር ሟሙቶ ይኖራል። ብርዱ ሲበረታ ይህ ሰም እየረጋ ነዳጁን ያደፈርሰዋል፤ ቀጥሎም ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ጋኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ በረኀብ ይሞታል ማለት ነው። ስለዚህ በብርድ አገር ማደያዎች በበረዶው ወራት ወደ ላምባ የሚጠጋ ቀጭን ናፍታ እየቀላቀሉ ይሸጣሉ።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። እንደ ማር ይወፍርና የሞተሩን ብረቶች አላላውስ ይላል። ሦስተኛው ባትሪው ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪ ከኀይሉ ወደ እኩሌታ የሚጠጋውን ያጣል። እንግዲህ ሞተሩ ለመነሣት ይበልጥ ብርቱ ጕልበት በሚሻበት ሰዓት፣ ጕልበት ሰጪው ደክሞ ይገኛል።

አራተኛውና አደገኛው የፍሬኑ ነገር ነው። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። በአየር ውስጥ እርጥበት አለ፤ እርጥበቱም በአየር ጋኑ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ውሃውም በቧንቧው ውስጥ በረዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ፍሬኑ አልያዝ ወይም አልለቅ ይላል።

ይህን ሁሉ ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም። ከእኛ ጋራ በአንድ ዓመት የተመረቀ፣ በአንድ መሥሪያ ቤትም አብሮን ጥቂት ጊዜ የሠራ ወዳጅ ነበረን። ዕድል ቀንቶት አሜሪካ ገባና፣ በዓመቱ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ማውጣቱን ሰማን። እኛም በሻይ ሰዓት «ዲግሪውን በመሪ ለወጠው!» እያልን ሣቅንበት። ሣቃችንም ጆሮው ደርሶ ኖሮ፣ ለብዙ ጊዜ አልደወለልንም።

ባለፈው ሰሞን ግን ደወለና የመጀመሪያውን ክረምቱን አወጋን። በሰሜን ዳኮታ ግዛት ሲጓዝ መሽቶበት ከመንገድ ዳር ቆመ። በአገሩ እንደ ለመደው ናፍታ ለመቈጠብ ሲል ሞተሩን አጠፋ፤ በበረዶ የረጠበውን ፍሬን እንደ ያዘ ተወው፤ ብርድ ልብሱንም ተከናንቦ በጋቢናው ውስጥ ተኛ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብርዱ ሲቀሰቅሰው ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ። ስልኩም በብርዱ ሞቶ ነበር።

«ወርጄ በእግሬ ልኺድ ብዬ በሩን ከፈትኩ» አለን። «ወዲያው ግን ካሠለጠኑኝ ሽማግሌ ሾፌር ቃል አንዱ ትዝ አለኝ፤ መኪናህን ጥለህ አትኺድ፣ በረዶ ውስጥ መንገድ የለም ብለውኝ ነበር። በሩን ዘጋሁና ያለኝን ልብስ ሁሉ ደራርቤ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ እጅና እግሬን እያፍተለተልኩ የዳዊትን መዝሙር አነበነብኩ።» ሊነጋ ሲል የመኪና መብራት ታየ። የማያውቀው ሾፌር ቆሞ ወደ ራሱ ጋቢና አስገባው፤ ትኩስ ቡናም አጠጣው። በዚያ መንገድ ቆሞ የተገኘን መኪና «ደኅና ነህ ወይ?» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው አለን። ወዳጃችን ሁለት የእግሩ ጣቶች ደንዝዘው ቢቀሩም፣ ሕይወቱ ተረፈ።

ዛሬ ሲጓዝ የሚያደርገውን ቢዘረዝርልን እኛ በክፍል ውስጥ የተማርነው ሁሉ ተግባር ሆኖ አገኘነው። ሞተሩን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በሌሊት ይሰካል፤ የአየር ጋኖቹን ውሃ በየቀኑ ያፈስሳል፤ መኪናውን ከማቆሙ በፊት ፍሬኑን እየነካካ ያደርቃል። ለማቀዝቀዣው ውሃ እኩል በእኩል ፀረ በረዶ ይቀላቅላል፤ ይህ ድብልቅ ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ አይረጋም። ባዶ እጁን ብረት አያስነካም፤ ቆዳው ተጣብቆ ይቀራልና። ጭስ ማውጫው በበረዶ እንዳይደፈንም ይጠብቃል፤ የሚመለሰው መርዝ ሽታ ስለሌለው በእንቅልፍ ይገድላልና። ምግብ፣ ብርድ ልብስና ትርፍ ፊልትሮ ከአጠገቡ አይለዩም።

ውሃ ሲረጋ በመጠኑ ወደ ዘጠኝ በመቶ እንደሚጨምር እኛም ለፈተና አጥንተን ነበር። ነገር ግን ይህ ቍጥር የሞተርን ብረት እንደሚሰነጥቅ፣ የሰውንም ሕይወት ሊያጠፋ እንደሚችል አላሰብንም። ወዳጃችን ዲግሪውን በመሪ አልለወጠውም፤ ወደ መሪው ይዞት ገባ እንጂ። እኛ ግን ወንበራችንን ከዕውቀት ቈጥረን በሰው ላብ ሣቅን።

በስልኩ መጨረሻ ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ሣቀና «ይልቅስ እናንተ ሞተራችሁን እንዳታጠፉ» አለን። እውነቱን ነው፤ ከምረቃ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ የተኛ ሰው፣ ችግር ሲቀሰቅሰው ቁልፉን ቢያዞር አይነሣለትም። አንባቢ ሆይ፣ በነገው ጧት በሰንዳፋ ወይም በአዋሽ መንገድ ከባድ መኪና ሲያልፍህ፣ በጋቢናው ውስጥ ያለውን ሰው ዐይተህ ሰላምታ ስጠው። አንተ የማታውቀውን ብዙ ያውቃልና።