የማይመክረው አማካሪ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እኛው መልሰን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን የውስጣችንን አፍነን እንኖራለን። ለምን ይሆን? አንዱ ምክንያት፣ ችግርን ማውራት የሚያስከትለው ምላሽ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ተናጋሪው ሐሳቡን ሳይጨርስ «ተው እንጂ፣ እንዲህ አታስብ»፣ «እኔ ብሆን ኖሮ...» የሚል የምክር ዶፍ ይወርድበታል። መካሪው የሚመክረው በቅንነት ነው፤ ባለ ችግሩ ግን ሳይደመጥ ይመለሳል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ (እ.ኤ.አ 1902 - 1987) የሚታወቀው ይህን ልማድ በመገልበጡ ነው። ሲጀምር ግን እሱም ችግሩን መርምሮ ማወቅና ለባለጉዳዩ ማሳየት የባለሙያው ድርሻ ነው ብሎ ያምን ነበር።

በር ላይ የተገኘ ትምህርት

ሮጀርስ በኒውዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ችግር ከገጠማቸው ሕፃናት ጋር 12 ዓመት ሠርቷል። በዚያን ጊዜ የልጇ ጠባይ ያስቸገራት አንዲት እናት ትመጣ ነበር። የችግሩ ምንጭ እናትየዋ ልጇን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አለመቀበሏ ነው ብሎ ደመደመ፤ ይህንንም እንድትረዳ በብዙ ቀጠሮዎች በዘዴ ሞከረ። አልሆነም። በመጨረሻ ሁለታችንም ሞክረናል፣ አልተሳካልንምና እናቁም አላት። እሷም ተስማማች፤ ተጨባብጠው ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ እዚህ ቦታ አዋቂዎችንም ትረዳላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ ሲላት ተመልሳ ተቀመጠችና ስለ ትዳሯ፣ ስለ ተስፋ መቁረጧና ግራ ስለመጋባቷ ትዘረግፍለት ጀመር። እስከዚያ ዕለት ከነገረችው ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። ውሎ አድሮ ለእሷም ለልጇም መፍትሔ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ሮጀርስ ከዚህ የተማረው፣ የቱ ጋ እንደሚያም፣ ወዴት መሄድ እንደሚያስፈልግም የሚያውቀው ባለቤቱ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ርዳታ ፈላጊውን «ታካሚ» ከማለት ይልቅ «ደንበኛ» ብሎ መጥራትን መረጠ። በዚያው መጽሐፍ በድምፅ የተቀዳ የአንድ ደንበኛን ምክክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል አቀረበ፤ በዝግ በር የሚደረገው ሥራ ለምርመራ ክፍት እንዲሆን በማሰብ ነው።

ሰው ራሱን እንዴት ይሰወራል?

በሮጀርስ አስተሳሰብ፣ ልጅ ፍቅር የሚያገኘው በቅድመ ሁኔታ መሆኑን ቀስ በቀስ ይማራል። በእኛ ቤት «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «ጨዋ ልጅ አይመልስም» እንደሚባለው ማለት ነው። ልጁ ላለመጠላት ሲል የተከለከለውን ስሜት ከሌላው ብቻ ሳይሆን ከራሱም ይደብቃል። ሲያድግ የሚሰማው አንድ፣ ይሰማኛል ብሎ የሚያምነው ሌላ ይሆናል።

መድኃኒቱ ቅድመ ሁኔታውን ማንሳት ነው። ሮጀርስ እ.ኤ.አ በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ከቴራፒስቱ የሚጠበቁ ሦስት ነገሮችን ዘርዝሯል፦ ሳያስመስል እውነተኛ መሆን፣ ደንበኛውን ሳይፈርዱ ማክበር፣ ዓለሙን በእሱ ዓይን ለማየት መጣርና መጣሩንም ደንበኛው እንዲያውቀው ማድረግ።

በተግባር ምን ይመስላል? ለምሳሌ አንድ ሰው «ሥራዬን ልለቅ ነው፤ አለቃዬ አሰልችቶኛል» ቢል፣ ወዳጁ «ይህን ደመወዝ የት ታገኛለህ?» ይለዋል። ቴራፒስቱ ግን «ድካምዎን የሚያይልዎት የለም። ልክ ተረድቻለሁ?» ይላል። ሰውየው ትንሽ ዝም ብሎ «አይ፣ እሱስ ያየዋል። እኔ ነኝ ሙያውን ያልወደድኩት፤ አባቴ ነው ያስመረጠኝ» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ቴራፒስቱ ተሳስቷል፤ ደንበኛው ግን ሲያርመው ራሱን አገኘ። ሮጀርስ በኋለኛ ዘመኑ ዘዴው የደንበኛን ቃል እንደ በቀቀን መድገም ተደርጎ መቆጠሩን ይቃወም የነበረው ለዚህ ነው። ዓላማው በትክክል መረዳትን ማረጋገጥ ነው።

ወሰኑስ?

አካሄዱ ለሁሉም ችግር አይበቃም። ሮጀርስና ባልደረቦቹ በዊስኮንሲን ሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ላይ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ በ1967 የታተመው ጥናት የተጠበቀውን ያህል ውጤት አላሳየም። ከባድ የአእምሮ ሕመም የሐኪም ክትትልና መድኃኒት ይፈልጋል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰውም አፋጣኝ ርዳታ ያሻዋል።

ለእኛ አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ። አገልግሎቱን የምንጠራው «ምክር» ብለን ነው። ከሽማግሌና ከንስሐ አባት ምክር የለመደ ሰው፣ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ባለሙያ ሲገጥመው «ምንም አልነገረኝም» ብሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ደንበኛው በመጀመሪያው ቀጠሮ «የእርስዎ አሠራር እንዴት ነው? የምነግርዎትስ በምስጢር ይያዛል?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ ባለሙያውም አስቀድሞ ቢያስረዳ ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀጠሮ ይመለሳል።

ይህ ለባለሙያ ብቻ የተተወ ጉዳይም አይደለም። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም አለቃ የሆነ ሰው ምክሩን ለአሥር ደቂቃ ማዘግየት ይችላል። የሮቸስተሯ እናት ችግሯን የተናገረችው ስለ እሷ የሚያውቀውን ሊያስረዳት ሲጥር የነበረው ሰው ጥረቱን ካቆመ በኋላ ነበር።